የሐዳሳ ሰባተኛ ዙር

ምራቴ ሐዳሳ የእግር ኳስ ዳኛ ናት። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ «የሴቶች?» ይላል። የሴቶችም የወንዶችም። ጥያቄው ስለሰለቸኝ አሁን አሁን መልሱን አስቀድሜ ነው የምናገረው። በሥራ ቀን በዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ትዘምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ካለ ፊሽካዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። ባሏ ፍቃዱ የእኔ የመጨረሻ ልጅ ነው። እዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠራ እኛ ስንነሣ እሱ ይተኛል፤ ስለዚህ ቤቱን የምንመራው እኔና ሐዳሳ ነን፤ ትንሿ ልጃቸው ናርዶስ ደግሞ ሁለታችንንም ትመራናለች። እኔ ሙሉዓለም እባላለሁ። ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ይለኛል።

ሐዳሳን ከልጄ በፊት ያወቅኳት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለች በትምህርት ቤታችን የክፍሎች ውድድር ነበር። የተመደበው ዳኛ ቀረ። ማን ያጫውት ተብሎ ሲጨነቁ፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከቡሹሎ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ቀጭን ልጅ «እኔ» አለችና ፊሽካውን ከስፖርት አስተማሪው እጅ ተቀበለች። እኔ የክፍል ኃላፊ የሆንኩበት ክፍል እየመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ የኛን ተከላካይ እጅ ነካች፤ ልጅቷም ነፍታ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠች። እኔ ግንፍል ባይ ነኝ፤ ደብተሬን ይዤ ሜዳ ገባሁ። እጁ ከሰውነቱ ጋር ነው፣ አይቆጠርም፣ ማን አስተማረሽ፣ ብዙ ተናገርኩ። ሰምታ ጨረሰችኝና «ቲቸር፣ ከሜዳው ይውጡልኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወጣሁ። ተሸነፍን፤ እኔም አኮረፍኳት።

ከዓመታት በኋላ ፍቃዱ «የማገባት ልጅ ናት» ብሎ ይዟት ሲመጣ ገና ከበሩ ላይ ነው ያወቅኳት። «ይቺማ አባራኛለች» አልኩት። እሷ መሬት መሬት እያየች «እጁን ግን ነክቶ ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ቤት ውስጥ ዝምተኛ ናት። ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ትይዛለች፤ አንድ ነገር ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነው። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ትልልቅ ወንዶች ከብበው ሲጮሁባት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ያለችው ነገር ይጸናል። አንድ ጊዜ ስለዚህ ጠየቅኳት። «ሰው የሚሰማኝ እዚያ ብቻ ነው» አለችኝ። እንዳዝን ብላ የተናገረችው አይደለም፤ ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ልቤ ውስጥ ቀረ።

ለዳኛ ሕግ ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ በየጊዜው የአካል ብቃት ፈተና አለበት። ፈተናው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ሜዳው ዙሪያ ምልክት የሚሆኑ ኮኖች ይደረደራሉ። ፊሽካ ሲነፋ ይሮጣል፤ የሚቀጥለው ፊሽካ ሳይነፋ የሚቀጥለው ኮን ጋ መድረስ ነው። ከዚያ አጭር መንገድ በእርምጃ፣ ፊሽካ፣ እንደገና ሩጫ። እንዲህ እየሮጡና እየተራመዱ ሜዳውን አሥር ጊዜ መዞር። አንዴ የዘገየ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ የዘገየ ይወጣል። ሐዳሳ ከመውለዷ በፊት ይህን ፈተና እየሣቀች ነበር የምታልፈው።

ናርዶስ የተወለደችው በቀዶ ጥገና ነው። እናትም ልጅም ደህና ወጡ፤ ጌታ ይመስገን። ሐኪሙ ሩጫ ትችያለሽ እስኪላት ጠብቃ፣ ልምምድ ጀምራ፣ ለፈተና ቀረበች። ሰባተኛው ዙር ላይ ወደቀች። ወደ ቤት ስትመጣ የመሮጫ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በሸበጥ ነበር። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ እማ» አለችና ልጇን ተቀብላኝ ጓዳ ገባች። የቀራት አንድ ዕድል ነው። በሚቀጥለው ፈተና ከወደቀች ከዳኝነት ትሰናበታለች፤ ያን ያህል አጭር ነው ነገሩ።

ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ አስተያየት ይዞ መጣ። ሴቶቹ ከሁሉ የባሱ ነበሩ። «ቢላ የነካው ሆድ እንደ ድሮው አይሆንም፣ የኔ እናት» ይሏታል፤ የሚያጽናኑ ይመስላቸዋል። አንዷማ የራሷን ሆድ ገልጣ ልታሳያት ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ሐዳሳ ሰምታቸው ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድ ቀን ግን ግቢ ውስጥ የልጅ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማ፣ እርስዎ ወልደዋል። እውነት ሰውነት አይመለስም?» አለችኝ። እኔ የወለድኩት ያለ ቢላ ነው፤ ሮጬም አላውቅም። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ለመናገር ግን ፈጣን ነኝ። «ይመለሳል እንጂ፤ ለምን አይመለስም» አልኳት። ማታ ስጸልይ ቃሌ እንዲፈጸም ለመንኩ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የስፖርት ትምህርት ቤት ሆነ። አንደኛው አሠልጣኝ ጎረቤታችን ጋሽ ዓለማየሁ ናቸው። በወጣትነታቸው ቦክሰኛ ነበሩ፤ አሁንም ግቢያቸው ውስጥ ጂም አላቸው። ጂም ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፣ ሁለት ሁለቱን በብረት ቧንቧ አያይዘው የሠሩት ክብደት ነው። በሳቸው እምነት ሰው የሚሮጠው በሆዱና በወገቡ ነው፤ እግር ተላላኪ ነው። ስለዚህ ሐዳሳን ቁጭ ብድግ፣ የእንቁራሪት ዝላይ፣ ክብደት ማንሳት አሠሯት። ሥራ መውጫ ላይ ጎራ ስትል በግንቡ ላይ «አንድ ተጨማሪ፣ አንድ ተጨማሪ» ሲሉ ይሰማኛል፤ ያ አንድ ተጨማሪ ግን አያልቅም።

ፍቃዱ ደግሞ ብስክሌት ነው የሚያምነው። የሐዋሳ ልጅ ስለሆነ ከብስክሌት ወዲያ ስፖርት ያለ አይመስለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት እስከ ከተማው መግቢያ፣ እስከ ጥቁር ውሃ ደርሳ እንድትመለስ አደረጋት። የኳየር ጓደኞቿ ታቦር ተራራን እየሮጡ መውጣት ሳንባ ይከፍታል አሏትና ታቦርን ወጣች። ሐይቁ ዳር በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ከፍተው ሕዝብ የሚያዘልሉ አሉ፤ እዚያም ሄዳ ዘለለች። እኔስ? እኔ በጠዋት ባጃጅ ተሳፍሬ አሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል እየሄድኩ የአሣ ሾርባ በፔርሙስ አመጣላት ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መንገድ ዘግተው ቆመው እየተገላመጡኝ፣ እነሱን እየተሳደብኩ፣ ሾርባ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ሐዳሳ የሰጠናትን ሁሉ ተቀበለች። አንዱንም እምቢ አላለችም።

ከሁሉም ጋር የዳኞቹ የጋራ ልምምድ አለ። እሱን የሚያሠራው ክብሩ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስ መምህር፣ ራሱም ዳኛ፣ ከጎንደር የመጣ ጨዋታ የሚያውቅ ልጅ። ግን ክብሩ ክፍል ስላለው የሚያሠራቸው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። በቀረው ቀን ሐዳሳ ናርዶስን አጥብታ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወርዳ ብቻዋን ትሠራለች።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከሳች። ልጅ እያጠባች እንቅልፍ ይወስዳታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የአንድ ተመራቂ ተማሪ ጥናት ግማሹን ገጽ ዘቅዝቃ ጠርዛለት ልጁ ሊያለቅስ ነበር አሉ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ሰባተኛው ዙር ከቦታው አለመነቃነቁ ነው። በልምምድ ስድስት ዙር እንደ ወፍ ትበራለች፤ ሰባተኛው ላይ ትያዛለች። «በቃ፣ ያሉት እውነት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። ማን እንዳለ፣ ምን እንዳለ አልጠየቅኳትም። እጇን አየሁት፤ ሆዷ ላይ ነበር።

ለፈተናው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ክብሩ ዳኞቹን በሙሉ ሰብስቦ እንደ ፈተናው አድርጎ ሞከራቸው። እኔም ናርዶስን አዝዬ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ክብሩ ፊሽካውን ነክሶ ከፊት እየሮጠ ነው የሚያሠራቸው፤ ጀርባው ላይ ዓይን የለውም። የዚያን ቀን ግን እግሩን ወለም ብሎት ስለነበር፣ ከሜዳው ዳር እኔ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ በስልኩ ሰዓት እየያዘ ነበር የሚነፋላቸው።

«ቲቸር» አለኝ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ። «ሐዳሳ ሁልጊዜ እንዲህ ቀድማ ነው የምትደርሰው?»

«ጎበዝ ስለሆነች ነዋ» አልኩት።

አምስተኛው ዙር ላይ ኮኑ ጋ ደርሳ ፊሽካውን ቆማ ስትጠብቅ አየናት። ስድስተኛው ላይ የባሰውን ቀደመች። ሰባተኛው ላይ እግሯ ተሳሰረ፤ ዘገየች፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ እንደገና ዘገየች። ከሜዳው ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔ እንባዬ መጣ። ክብሩ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር።

«አቅም ያነሰው ሰው ከመጀመሪያው ይዘገያል እንጂ አይቀድምም» አለ። «ደግሞ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሙሉውን ጊዜ እያወራች ነው የምትሮጠው።»

«ትጸልያለቻ» አልኩት።

ጠራት። መጣች። ላቧን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች፣ ቁጣ የምትጠብቅ ተማሪ መስላ ቆመች። ስትሮጥ ምን እንደምትል ጠየቃት። አፈረች። ከዚያ ነገረችው። ብቻዋን ስትሠራ የሚነፋላት የለም። ስልክ ይዛ እንዳትሮጥ አንዴ ሐይቁ ዳር ነጥቀዋታል። ስለዚህ መለኪያ ያደረገችው በኳየር የሚዘምሩትን አንድ መዝሙር ነበር። ግጥሙን በልቧ ስትዘምር ትሮጣለች፤ አዝማቹ ሲመጣ ትራመዳለች፤ ግጥም፣ ሩጫ፤ አዝማች፣ እርምጃ። መጀመሪያ ከፊሽካው ጋር አስተያይታው ነበር፤ ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውነቷ ስለለመደው ከሰው ጋርም ስትሮጥ መዝሙሩ ራሱ ይነሣባታል።

«እስቲ ዘምሪልኝ» አለ ክብሩ።

«እዚህ?»

«እዚሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ እንደምትዘምሩት አድርገሽ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ዳኞች ቀረብ ብለው ቆሙ። ናርዶስ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ጀርባዬ ላይ ተላወሰች። ሐዳሳ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደምታስተኛ። ሁለተኛው ግጥም ላይ እግሯ መሬት መምታት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ እጇ ተጨመረ። ሲደጋገም ሲደጋገም ሞቀ፤ አንዷ ረዳት ዳኛ አጨበጨበች፤ እኔም ሳላስበው ተቀብያታለሁ። ስትጨርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ክብሩ ስልኩን አሳየን። የመጨረሻው ግጥም የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ጊዜ እንኳን አልወሰደም።

ለማያውቅ ልንገር። የኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንዲህ ነው። ሲጀምር ሁሉም ተቀምጦ ነው፤ ኪቦርዱ ብቻ ነው የሚሰማው። ሲያልቅ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሕዝቡ ይዘላል፤ ድራም መቺው ላብ በላብ ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ ቀስ ብሎ ያለቀ መዝሙር ለኛ የተጓደለ ይመስለናል። እኔ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን አጨብጭቤ፣ ይሄ ነገር በሩጫ ቢሆን ሰው እንደሚገድል አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ልጅቷ ደካማ አልነበረችም። በየዙሩ እየፈጠነች፣ ስድስቱን ዙር ማንም ባልጠየቃት ፍጥነት እየጨረሰች፣ ሰባተኛው ላይ ባዶ ሆና ነበር የምትገኘው። እኛ ደግሞ አቅም አነሳት ብለን ታቦርና ሲሚንቶ እንጨምርባታለን።

ክብሩ ሣቀ። «በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ዜማ ብትለኪው ኖሮ ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፍቶ አንቺ ገና የመጀመሪያው ኮን ጋ ነበርሽ» አላት። ሐዳሳም ሣቀች። ከወደቀች ወዲህ በሙሉ አፏ ስትሥቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔ ግን ገና አልቀለለኝም። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ይድናል ማለት አይደለም።

የክብሩ ሕክምና የመጀመሪያው ክፍል ዕረፍት ነበር። ታቦር የለም፣ ብስክሌት የለም፣ ክብደት የለም፤ እንቅልፍና ምግብ፣ ትንሽ ሶምሶማ፣ ሰውነት ማፍታታት። «ዕረፍትም ልምምድ ነው» ይላል። ይህን በቤታችን ለማስረዳት ያየነው መከራ። ፍቃዱ ተስፋ የቆረጠች መሰለው። ጋሽ ዓለማየሁ ደግሞ አኮረፉ፤ «ሲሚንቶው ምን በደላት?» ብለው ላኩብኝ። ክብሩ ራሱ ሄዶ «ጉልበቱን የሰጧት እርስዎ ነዎት ጋሼ፤ እኔ እንዳታባክነው ብቻ ነው የምጠብቀው» አላቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው የዕረፍት አስተማሪ ሆነው አረፉት፤ ልጅ አዝላ ባዩዋት ቁጥር «አውርጂ፣ ዕረፊ» እያሉ።

ሁለተኛው ክፍል ፊሽካ ነበር። ክብሩ መሯጫውንና መራመጃውን ጊዜ ስልኬ ላይ አስተካክሎ ሰጠኝና ነፊ ሆኜ ተሾምኩ። ጠዋት ጠዋት ናርዶስን አዝዬ፣ በርጩማ ይዤ፣ ፊሽካ አንጠልጥዬ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን አቁመው ያዩኛል። መጀመሪያ ቀን አንዱ «እናቴ፣ ጀልባ ልትጠሪ ነው?» አለኝ፤ መልስ አልሰጠሁትም፤ አፌ ውስጥ ፊሽካ ነበር።

መመሪያው አንድ ነው፤ ከፊሽካው ጋር መድረስ። ሳይዘገዩ፣ ሳይቀድሙም። ዕድሜዬን ሙሉ የዘገየ ተማሪ ስቆጣ ኖሬ፣ በእርጅናዬ ቀድማ የደረሰችን መቆጣት ጀመርኩ። «ቀደምሽ። አሁንም ቀደምሽ። ማን ያባርርሻል?» እላታለሁ። ሐዳሳ ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች። መሮጥ አይደለም የከበዳት፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ኳየር ዝም ማሰኘት ነው። ልክ ሦስተኛው ዙር ላይ ከንፈሯ ይጀምራል፤ ያኔ ፍጥነቷ ይጨምራል።

አንድ ጠዋት አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለችና «መዝሙሩን ትቼ ስሮጥ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል» አለችኝ። ይሄ የቀልድ ነገር አልነበረም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ ልጇን ሊያወጡላት ሲያስገቧት የዘመረችው ያንኑ መዝሙር ነው፤ ይህን ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ብዙ አሰብኩ። ከዚያ «ጸልየሽ ግቢ፣ አመስግነሽ ውጪ። መሀሉን ለፊሽካው ተዪለት» አልኳት። ያሰብኩትን ያህል መልስ አልነበረም፤ ግን ተቀበለችኝ። ዓይኗን ጨፍና ጸለየችና ተነሥታ ሮጠች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አምስተኛው ዙር ላይ ከፊሽካዬ ጋር እኩል ደረሰች። አሥሩን ግን አላስሞከርኳትም፤ ክብሩ እስከ ፈተናው ቀን ከልክሎን ነበር። ስለዚህ ሰባተኛውን ታልፈዋለች ወይስ አታልፈውም የሚለውን ማንም አላወቀም።

የፈተናው ዕለት ሁላችንም ሄድን። ፍቃዱ ከሌሊት ፈረቃ ሳይተኛ በቀጥታ መጣ፤ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። ጋሽ ዓለማየሁ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ፤ ሠርግ ነው ያልኳቸው ይመስል። ፈታኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ተጠሩ። ሐዳሳ ከመነሻው ኋላ ቆማ ጎንበስ አለች፤ ጸሎቷን መሆኑን አወቅኩ። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደህና አየሁ። ስድስተኛው ሲያልቅ ግን ሰባተኛውን ማየት አልቻልኩም። ወደ ናርዶስ ዞሬ ኮፍያዋን ማስተካከል ጀመርኩ፤ የተስተካከለ ኮፍያ ደጋግሜ። ጋሽ ዓለማየሁ አጠገቤ ቆመው «ደረሰች» ይላሉ። ፊሽካ። «ደረሰች።» ፊሽካ። «ደረሰች።» ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። በኋላ ዝም አሉ። ቀና ብዬ ሳይ እሳቸው በመሐረብ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፤ ሐዳሳ ስምንተኛውን ዙር ጀምራለች።

ዘጠነኛው ላይ ከፊት ያለችው ልጅ ፈተናው ሊያልቅ መሆኑን ስታይ ልቧ ተነሣሣና ፈጠነች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሐዳሳ ብቻ ከኋላ ቀረች። ከኛ በላይ የተቀመጡ ሰዎች «ያቺ የኋላዋ አለቀላት» ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር፤ አልዘገየችም፣ እዩት፣ ከፊሽካው ጋር ነው የምትደርሰው። ግን አፌን ያዝኩ። ሮጣ መከተል እንዴት እንደሚያጓጓት የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንዳትከተል በልቤ እየለመንኩ ነበር። አልተከተለችም። ብቻዋን፣ በራሷ ፍጥነት፣ ፊሽካውን እየሰማች ሄደች። አሥረኛው ዙር ሲጀመር የፈጠኑት መንገዳገድ ጀመሩ፤ አንዷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሐዳሳ አንድ በአንድ ደረሰችባቸው። ሳትፈጥን ነው የደረሰችባቸው።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ አብዛኞቹ ሣሩ ላይ ወደቁ። እሷ ቆማ ቀረች። የሚቀጥለውን ፊሽካ የምትጠብቅ መሰለች። አንዱ ፈታኝ ቀርቦ የሆነ ነገር ሲላት ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ወደኛ ተራመደች፤ ቀስ ብላ፣ ዙሩ ውስጥ እንደምትራመደው አድርጋ። ክብሩ ከዚያ ማዶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳየን። አልፋለች።

ፍቃዱ በአጥሩ በላይ ውሃ ዘረጋላት። «ደከመሽ፣ ተቀመጪ» አላት።

ውሃውን አልተቀበለችውም። እኔን እኔን አየችኝ።

«እማ» አለች፣ «አልደከመኝም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እንደገና አለችው፤ አሁን ድምፅዋ ተሰበረ። አጥሩን ይዛ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ስትወድቅ አላለቀሰችም ነበር፤ ሴቶቹ ሆዷን ሲያዩ አላለቀሰችም ነበር። ስንት ወር ሙሉ ያ ቢላ የነካው ሰውነት ዳግመኛ የሷ እንደማይሆን አምና ስትዞር ኖራ፣ አሁን አሥር ዙር ጨርሳ ትንፋሿ ደረቷ ውስጥ ተርፎ ቀርቷታል። እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅም፤ ሰው ፊት ነው። ከላዬ ላይ የሆነ ከባድ ነገር የወረደ መሰለኝ። በአጥሩ ቀዳዳ እጄን አስገብቼ ላብ ያራሰውን ራሷን ያዝኩት።

«ታዲያ ድሮም ደህና ነበርኩ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ድሮም ደህና ነበርሽ» አልኳት።